ከማየት እስከ መናገር

ሲስተር ከበቡሽ ቤተ ምሕረት ክሊኒክን የምታውቀው ገና ግድግዳው ጭቃ ሳለ ነው። ክሊኒኩ ሸዋ ሮቢት ከተማ ዳር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የሽንኩርት እርሻው ከሚጀምርበት ላይ ነው ያለው። ያቋቋመችው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የሚታከምበት ግን የቆላው ሰው ሁሉ ነው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። የመጀመሪያዎቹ አልጋዎች ከጭነት መኪና ሲወርዱ አንዱን ጫፍ ይዛ ያወረደችው ከበቡሽ ነበረች። በጦርነቱ ሰሞን ሠራተኛው ወደ ደጋው ሲሸሽ፣ መውለጃቸው የደረሰ ሴቶችን ትቼ አልሄድም ብላ የቀረችውም እሷ ናት። ነገሩ ሲረጋጋ የተዘረፈውን መድኃኒት ቤት ጠርጋ፣ የተሰበረውን መደርደሪያ አስጠግና እንደገና አስከፈተችው። ስለዚህ የነርሶቹ ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ ቦታው የማን ይሆናል ብላ አልተጨነቀችም። የእሷ ነዋ። ሌላ የማን ሊሆን ይችላል?

የክሊኒኩ ሥራ በየቀኑ የሚጀምረው በአጭር ጸሎት ነው። አንድ ሰኞ ጸሎቱ እንዳበቃ የቦርዱ ሰብሳቢ ቄስ ብርሃኑ ሠራተኛውን ትንሽ ቆዩ አሉና፣ "አዲሷ የነርሶች ኃላፊያችን ሲስተር ዓሊያ ናት" አሉ።

ሰው አጨበጨበ። ከበቡሽም አጨበጨበች።

ዓሊያ የካራቆሬ ነጋዴ ልጅ ናት። ወደ ክሊኒኩ የመጣችው ተለማማጅ ሆና ነው፤ የሕፃን ደም ሥር እንዴት እንደሚፈለግ፣ መርፌ ሲወጋ የልጁ እጅ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረቻት ከበቡሽ ናት። አሁን ያቺ ልጅ ሻሿን እያስተካከለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ከሰው ሁሉ አስቀድማ ወደ ከበቡሽ መጣችና ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሳመቻት።

"እትዬ፣ ያለ እርስዎ አልችለውም" አለቻት።

"አይ፣ ምን ያቅትሻል" አለች ከበቡሽ። ከዚያ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችና ታጥበው የተደረደሩትን መቀሶች እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ቤቷ ስትደርስ ባሏ ለማ ከእርሻ ገብቶ ምሳ እየበላ ነበር። ነገረችው።

"ቄሱ ምን ምክንያት ሰጡ?" አላት።

"በሽተኛው ለእሷ ልቡን ይከፍታል፣ ርኅራኄ አላት ነው የሚሉት። እኔ ድንጋይ ነኝ ማለታቸው ነው።"

"እንደሱማ አላሉም።" ለማ ጎረሰ። "ልጅቱ ግን ደግ ናት። እኔን ሚስማር የወጋኝ ጊዜ እንኳ፣ ምን የመሰለ..."

ከበቡሽ ሳህኑን ከፊቱ አነሳችው። "ጨርሰሃል" አለችው። አልጨረሰም ነበር።

ከዚያ በኋላ ዓይኗ ከዓሊያ ላይ አልነቀል አላት። ዓሊያ በበሩ ስትገባ የዘበኛው ፊት እንዴት እንደሚፈታ ታያለች። ሽማግሌዎቹ "አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው" ሲሏት ትሰማና ለእሷ "እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር" ብለው እንደሚያልፉ ታስታውሳለች። ዓሊያ ከበሽተኛው አልጋ ጫፍ ቁጭ ብላ ታወራለች፤ ከበቡሽ ግን አልጋ ላይ የተቀመጠ ነርስ ባየች ቁጥር ስትቆጣ የኖረች ናት። ዓሊያ ሐኪሙ በሽተኛ ሲጎበኝ እናቶች ከልጆቻቸው እንዳይለዩ ፈቀደች፤ ከበቡሽ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ ሰዓት አስታማሚ ስታስወጣ ነበር። ክፍሉ ገበያ ይሆናል ብላ ጠበቀች። አልሆነም። እንዲያውም ልጆቹ ማልቀስ ቀነሱ፣ እናቶቹም መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ። ከሁሉም ይልቅ የከነከናት ይሄ ነበር፤ ነገሩ መሥራቱ።

ዓሊያ በስብሰባ ላይ "እትዬ ከበቡሽ እንዴት ያዩታል?" ብላ ስትጠይቃት ሰው ፊት ምጽዋት የተወረወረላት ይመስላታል። ሳትጠይቃት የቀረች ቀን ደግሞ ናቀችኝ ትላለች። የዓሊያ ቢሮ መስኮት ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ሲሰቀል እንኳ ለከበቡሽ አልተዋጠላትም። ያ መስኮት መጋረጃ የሌለው በመሆኑ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም።

በጠዋቱ ጸሎት ዓሊያ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ትቆማለች። ማንም አላስገደዳትም፤ ከሠራተኛው ጋር ቀኑን አብሬ ልጀምር ብላ ነው። ከበቡሽ ዓይኗን ጨፍና ስለ በሽተኞቹ ልትጸልይ ትጀምርና መሀል ላይ ዓሊያ ትገባባታለች። ትሳሳት ብላ አንድም ቀን አልጸለየችም። ብትሳሳት የምትናገረውን ግን ቃል በቃል አዘጋጅታ ጨርሳ ነበር።

ክረምቱ ወጣ። ሮቢ ወንዝ ጎደለና በየዳርቻው ውኃ አቁሮ ቀረ፤ ወባው ተነሣ። ከጀውሃም፣ ከማጀቴም፣ ከቀወት ቀበሌዎችም ሰው በባጃጅ፣ በአይሱዙ፣ በቃሬዛ ይመጣ ጀመር። አንድ አልጋ ላይ ሁለት ልጆች ይተኛሉ፤ አልጋ ያጣው ኮሪደሩ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍለታል። ሙቀቱ ገና ከረፋዱ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንጫጫዋል። ዓሊያ ቤቷ ከሄደች ሰንብታለች። ለሌሎቹ ዕረፍት እየሰጠች የእነሱን ተራ ራሷ ትሠራለች። ከበቡሽ ይህንንም አየች፤ "ቅድስት ለመባል ነው" አለች በልቧ።

በዚያ ሰሞን አንድ ረፋድ ላይ ሐቢባ የምትባል የጀውሃ ገበሬ ሚስት ትንሽ ልጇን ታቅፋ ከባጃጅ ወረደች። ልጅቱ ኑርሃን ትባላለች፤ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ዓይኗ ተገልብጧል፣ እጅና እግሯ ይንቀጠቀጣል። ዓሊያ ተቀብላ አስተኛቻት፣ ደም ሥሯን ባንዴ አግኝታ ቀጭኗን ቱቦ በልጅቱ እጅ ጀርባ ላይ አስገባች፣ ስኳሯን ለካች። በጣም ወርዷል። ሐኪሙ ከወዲያኛው አልጋ ሌላ ልጅ እያየ ሳለ "ግሉኮስ ስጧት! ቶሎ!" ብሎ ጮኸ።

ከበቡሽ ከማዶ ካለው አልጋ አጠገብ ቆማ የአንድ ሽማግሌ ግሉኮስ ጠብታ እያስተካከለች ነበር። ዓሊያ ብልቃጡን ስትሰብር አየቻት። ያ የአዋቂ ግሉኮስ ነው፤ ወፍራም ነው። ለሕፃን የሚሰጠው ለመርፌ በተዘጋጀ ንጹሕ ውኃ ከቀጠነ በኋላ ብቻ ነው። ሳይቀጠን ከገባ ደም ሥሩን ያቃጥላል፣ ከደም ሥር ካፈተለከም ሥጋውን ይበላዋል። ይህን የማያውቅ ነርስ የለም፤ ዓሊያም ታውቃለች። ግን እንቅልፍ አጥታ፣ እናትየዋ አጠገቧ "ያ አላህ፣ ያ አላህ" እያለች፣ ሌላ ልጅ ከኋላዋ እያቃሰተ፣ ወፍራሙን እንዳለ በመርፌ ሳበችው። የማቅጠኛው ውኃ ጠርሙስ ሳይከፈት ትሪው ላይ ቀረ።

ከበቡሽ ጠርሙሱን አየች። መርፌውን አየች። "አሁን" አለች በልቧ። "አሁን ሁሉም ያያታል።" ቄስ ብርሃኑ በሐሳቧ መጡባት፤ የሚያጨበጭቡት ሰዎች መጡባት። ለመናገር አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ቃሏ አፏ ውስጥ ነበረች። አልተናገረችም። ዓሊያ ጎንበስ ብላ መርፌውን ከቱቦው ገጠመችና መግፋት ጀመረች፤ ከበቡሽ ቆማ አየች። ኑርሃን ራሷን ሳታውቅ እጇን ሰበሰበች፤ ፊቷ ተጨማደደ።

"ዓሊያ! አልቀጠነም!"

ጩኸቱ ከራሷ አፍ መውጣቱን ያወቀችው ሁሉም ዞሮ ሲያያት ነው። ዓሊያ መርፌውን ነቀለች። ትሪውን አየች፣ የውኃውን ጠርሙስ አየች፣ ከንፈሯ ነጣ። ግማሹ ገብቶ ነበር። የልጅቱ የእጅ ጀርባ ዓይናቸው እያየ አበጠ።

ስኳሩ ወጣና ኑርሃን ወደ ቀትር ላይ ዓይኗን ገለጠች፤ የወባው መድኃኒትም ሠራላት። እጇ ግን ጠቆረ፣ ቆዳው ሞተ፣ ከዚያም ተልጦ ቁስል ሆነ። ሐኪሙ ጣቶቿ አይቆረጡም፣ ጠባሳው ግን ይቀራል፣ ምናልባትም አንዱ ጣቷ በደንብ አይታጠፍም አለ።

በማግስቱ ጸሎቱ ሲያበቃ ዓሊያ ከበሩ አጠገብ ወደ ፊት መጣች። "ስህተቱ የእኔ ነው" አለች። "ደክሞኝ ነበር፤ መድከሜን ማወቅ ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር። እትዬ ከበቡሽ ባያዩኝ ሙሉውን እገፋው ነበር። የልጅቱ እጅ የተረፈው በእሳቸው ነው።"

ሰው ሁሉ ወደ ከበቡሽ ዞረ። አንዷ ነርስ ክንዷን ያዘቻት። ላቦራቶሪ የሚሠራው አብዱልሀኪም "እሳቸው ባይኖሩማ!" አለ ጮክ ብሎ። ከበቡሽ አንገቷን ደፋች፤ ሰው ትሕትና መሰለው። ስንት ጊዜ የተመኘችው ነገር ነው። ሲመጣ ደስ አላት፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ አላት።

ከሰዓት በኋላ ቄስ ብርሃኑ አስጠሯት። "ዓሊያ ልልቀቅ ብላለች" አሏት። "ቦርዱ ሐሙስ ይሰበሰባል። ምናልባት ድሮም የእርስዎ ቦታ ነበር ይሆናል። ፈቃደኛ ነዎት?"

"እግዚአብሔር ካለ" አለች።

ወደ ሥራዋ ስትመለስ በዓሊያ ቢሮ በኩል አለፈችና አረንጓዴውን መጋረጃ አየችው። ቀለሙ ለቢሮ አይሆንም፣ ነጭ ነው የሚሻለው ስትል አሰበች።

ረቡዕ ጠዋት የኑርሃንን ቁስል ልታሽግ ገባች። ልጅቱ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ከበቡሽ በሥራዋ እጀ ቀላል ናት፤ ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ እንኳ በውኃ እያራሰች ሳታሳምም ታነሣዋለች። ኑርሃን አላለቀሰችም። "ሲስተር ዓሊያስ?" አለች ብቻ። ከበቡሽ፣ "ያቃጠለችሽን ነው የምትፈልጊው?" ልትላት ምንም አልቀራትም።

"ትመጣለች" አለቻት።

ሐቢባ ከበቡሽን ስታያት ቆይታ፣ "አንቺ ነሽ አሉኝ የጮህሽላት" አለች። "አላህ ይስጥሽ። አላህ ይክፈልሽ።" ቀና ብላም እጇን ሳመቻት። ከዚያ የልጇን ቁስል አይታ ተነፈሰች። "ምናለ ትንሽ ቀደም ብለሽ አይተሻት በነበረ። የአላህ ነገር፣ ምን ይደረጋል።"

ከበቡሽ ፋሻውን እየጠቀለለች ነበር። ፋሻው ከእጇ ወድቆ መሬት ላይ ተተረተረ። "አዲስ ላምጣ" አለችና ወጣች። ፋሻውን ሌላ ነርስ እንድትጨርስ ነግራ በቀጥታ ወደ ዓሊያ ሄደች።

ዓሊያ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሆና ካርቶን እየከፈተች ነበር። ኃላፊነቱን ሊረከባት ለሚመጣ ሰው ዕቃውን እያዘጋጀች መሆኗ ያስታውቃል።

"ቀደም ብዬ አይቼሽ ነበር" አለች ከበቡሽ።

"ምኑን እትዬ?"

"ጠርሙሱ እንዳልተከፈተ። መርፌውን ከመግጠምሽ በፊት።"

ዓሊያ ካርቶኑን አስቀመጠች። ነገሩ ቶሎ አልገባትም፤ ሲገባት ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። "አይተው ዝም አሉ?"

"ዝም አልኩ።"

"ለምን?"

"እንድትወድቂ።"

"እኔ እንድወድቅ" አለች ዓሊያ። "እሷስ?"

"እሷን አላየኋትም" አለች ከበቡሽ። "አንቺን ብቻ ነበር የማየው። ከተሾምሽ ጀምሮ ሌላ ሰው አይቼ አላውቅም።"

ዓሊያ በሩን አመለከተቻት። "ውጪልኝ" አለች። ተለማማጅ ሆና ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ከበቡሽን አንቺ ብላት አታውቅም ነበር። "ውጪ፣ ሰው ሳይሰማኝ።"

ሐሙስ ቦርዱ ሲሰበሰብ ከበቡሽ ሳትጠራ ገባችና ይህንኑ ደገመችው። ማሳመሪያ አልጨመረችበትም። ቄስ ብርሃኑ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በመጨረሻ ዓሊያ በቦታዋ እንድትቆይ፣ ከእንግዲህ ለሕፃን የሚሰጥ መርፌ ሁሉ ሁለት ነርሶች አይተውት እንዲሰጥ ተወሰነ። ከበቡሽ ማስጠንቀቂያ ተሰጣትና ከተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ተነሥታ ቁስል ማሸጊያው ክፍል ተመደበች። ቄስ ብርሃኑ ስትወጣ በሩ ድረስ ሸኟት። "በርቱ" ብቻ አሏት።

ለማ ሁሉንም ሰምቶ "ልጅቱ እጇን ትዘረጋለች?" ብሎ ጠየቀ።

"ትንሽ ትንሽ።"

ለማ ራሱን ነቀነቀና ወደ እርሻው የውኃ ፓምፕ ሄደ። ከበቡሽ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ኑርሃን ወደ ቤቷ ከወጣች በኋላ አንድ ቀን ዓሊያ ቁስል ማሸጊያው ክፍል በር ላይ ቆመች። "እናትየዋ እውነቱን አታውቅም" አለች። "ነገ ጀውሃ እንሄዳለን። እኔ የእኔን እናገራለሁ፣ አንቺ የአንቺን።"

በሚኒባሱ አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። ከአስፋልቱ ወርደው፣ ከቆሙት ከባድ መኪናዎች ጀርባ ባለው መንገድ፣ በማሽላው መሀል ወደ ሐቢባ ቤት ሄዱ። ሐቢባ ስታያቸው ደነገጠች፣ ከዚያ ደስ ብሏት ወንበር አወጣች፣ ቀዝቃዛ ውኃ አቀረበች። ዓሊያ ውኃውን ሳትነካ ጀመረች። መድኃኒቱን ሳላቀጥን የሰጠሁት እኔ ነኝ አለች፤ ይቅርታም ጠየቀች። ሐቢባ ይህንን በከፊል ሰምታው ነበር። ከዚያ ከበቡሽ ተናገረች።

ሐቢባ ንግግሯን እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ "በእኔ ልጅ ምን ቂም ነበረሽ?" አለቻት።

"ምንም። ቂሜ በእሷ ነበር" አለች ከበቡሽ ወደ ዓሊያ እያየች።

"ምን አድርጋሽ?"

"ምንም አላደረገችኝም። ሰው ወደዳት።"

ሐቢባ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። ጓሮ ዶሮ የምታባርረው የኑርሃን ድምፅ ይሰማል። "እሷ ደክሟት ነው" አለች ቀስ ብላ። "መድከም የሰው ነው። አንቺ ግን አልደከመሽም ነበር።" የዓሊያን እጅ ይዛ ነበር የምትናገረው። "አንቺን ዛሬ ይቅር ልልሽ አልችልም። ወደፊት አላህ ያውቃል። ቁስሉን ግን አንቺው ነሽ የምታሽጊው፤ ልጄ የሌላዋ እጅ ያመኛል ብላለች። አንቺ ስታሽጊ ይቺኛዋ አጠገብሽ ቆማ ትይሽ።"

ከበቡሽ እሺ አለች። አፍራ ነበር። ግን ያን ሁሉ ተናግራ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ፣ ዓይኗ የሐቢባ ጣቶች በዓሊያ እጅ ላይ እንዴት እንደተቆለፉ ነበር የሚያየው። ቅናቱ ከንስሐው ጋር አብሮ ተቀምጦ ነበር፤ ወዴትም አልሄደ። ይሄን ስታውቅ ከምንም በላይ ደነገጠች።

ከዚያ ወዲያ ሐቢባ ልጇን ይዛ በመጣች ቁጥር ከበቡሽ ታሽጋለች፣ ዓሊያ ሥራዋን ትታ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ታያለች። መጀመሪያ ላይ የሚያወራው ኑርሃን ብቻ ነበር። ኋላ ኋላ ዓሊያ "ከዳር በኩል ሥጋው እየሞላ ነው" ትላለች፣ ከበቡሽ "ፋሻውን ላላ ላድርገው፣ ጣቷን እንድታጥፍ" ትላለች። ከዚህ ያለፈ አይነጋገሩም። ጓደኛ አልሆኑም። ዓሊያ ቁስሉን ስታይ እንጂ ከበቡሽን ስታይ ፊቷ አይፈታም፤ ከበቡሽም እንዲፈታ አልጠየቀችም።

ቅናቱ አሁንም ይመጣባታል። ከኮሪደሩ የዓሊያ ሳቅ ሲሰማ፣ አዲስ የሚመጡ ነርሶች ሲከቧት፣ አንዷ እናት ሕፃኗን "ዓሊያ ብያታለሁ" ስትል ይመጣባታል። እንደ ድሮው ግን አብራው አትቀመጥም። ሲመጣባት ከፊቷ የተቀመጠውን ሰው ስሙን ትጠይቃለች፣ የሚያመው የት ላይ እንደሆነ ትጠይቃለች፣ መልሱን እስኪጨርስ ታዳምጣለች። አንዳንድ ቀን ይረዳታል፤ አንዳንድ ቀን አይረዳትም።

ፋሻው ለመጨረሻ ጊዜ የተፈታ ዕለት የኑርሃን እጅ ጀርባ ላይ ሮዝ የሆነ፣ የሚያብለጨልጭ ጠባሳ ነበር። ሌባ ጣቷ ግማሽ ድረስ ብቻ ይታጠፋል። ከበቡሽ ጣቷን ቀስ አድርጋ እያሸች፣ ቤት ውስጥ ሐቢባ እንዴት እንደምታሽላት አሳየቻት። ሐቢባ አጠያየቀች፣ ራሷም ሞከረችው።

"አልቋል?" አለች ኑርሃን።

"አልቋል።"

ልጅቱ ከወንበሩ ዘላ ወርዳ በቀጥታ ወደ ዓሊያ ሮጠችና እጇን አነሣችላት፤ ዓሊያ ተንበርክካ ጠባሳውን ሳመችው። ከበቡሽ ጀርባዋን ሰጥታ የቆሸሸውን ጥጥ ሰበሰበች። ሐቢባ ነጠላዋን እያስተካከለች በአጠገቧ አለፈችና በሩ ላይ ቆም አለች።

"ማሸቱን ከረሳሁት ተመልሼ እመጣለሁ" አለቻት።

"ነይ። እዚሁ ነኝ" አለች ከበቡሽ።